መሸፈኛው ቅጠል

በሸንበቆ ሜዳ ከተማ የምሥራች የሚባለው ቃል "ሙት" ነው። የቁስሉ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ገብቶ "ሙት" ከተባለለት ባለቁስሉ ተረፈ ማለት ነው፤ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ሊል ይመጣል፤ እጅ መጨባበጥ ከቀረ ቆይቷልና ክርን ለክርን ተነካክቶ ይሄዳል። "ሕያው" ከተባለ ግን ማንም አይመጣም። ሕያው በወጣበት ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያወራ የለም፤ ልጆች እንኳ ኳሳቸው እዚያ ግቢ ከገባች ትተዋት ሌላ ይሠራሉ።

ኪኒን ቁስል ማዳን ካቆመ ወዲህ የተወለደ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ነው የሚያየው። ሆስፒታል አለ። ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሥራው ግን አንድ ነው፤ የመረቀዘውን እጅና እግር ይቆርጣል። አሳምሮ ይቆርጣል። ሰዉ "መቁረጫ ቤት" ብሎ ይጠራዋል፤ ሐኪሞቹም ይህን ሲሰሙ አይቆጡም። ሳይቆረጥ መዳን የፈለገ ወደ ባህል መድኃኒት ቤቶች ይሄዳል። መንግሥትም ይህን አይቶ ለመድኃኒት አዋቂዎቹ ፈቃድ ሰጣቸው፤ ፈቃዱን የሰጣቸው ግን ከሳጥኑ ጋር ነው።

ሳጥኑ ቢጫ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ አይበልጥም። ከቁስል የተነሳ ጨርቅ፣ ያገለገለ ምላጭ፣ ደም የነካው ጥጥ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ትራፊ፣ ሁሉም በየባለቤቱ ስም ተጠቅልሎ እዚያ ይገባል። ሳጥኑ ይቀምሰዋል፤ በላዩ ያለውን በሽታ ሙት ወይም ሕያው ይላል፤ ቃሉን በባለቤቱ ስም መዝግቦ ጨርቁን ያቃጥለዋል። አመዱን ጠዋት ጠዋት ጋሪው ይወስዳል። አንዲት ጨርቅ ደጅ የጣለ ቤት ይታሸጋል። የዛሬዎቹ አዋቂዎች አያቶች ምላጩን በሱሪያቸው ጠርገው ለሚቀጥለው ሰው ይጠቀሙበት ነበር፤ በሽተኛው የታጠበበትንም ውኃ፣ በሽታውን መንገደኛ ረግጦ ይዞት እንዲሄድ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያፈሱት ነበር። መንገደኛውም እውነትም ይዞት ይሄድ ነበር። ያ ጊዜ አለፈ፤ ማለፉም ደግ ነው።

አትጠገብ ስንሻው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገች፣ ሥርዓቱንም ከልቧ የምትወድ ሴት ናት። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ትቆርጣለች። ምላጭ ከአንድ ሰው በላይ አይነካባትም። በሽተኞች የሚቀመጡባቸውን አግዳሚዎች ጠዋትና ማታ በፈላ ውኃ ታጥባለች፤ ግቢዋ የተላሰ ሳህን ይመስላል። እንዲያውም ሰው ያማታል። "የስንሻው ልጅ ጥላዋንም አፍልታ ነው የምትለብሰው" ይሏታል።

አባቷ አቶ ስንሻው ለቁስል መድኃኒት ስማቸው አገር ያዳረሰ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ለእሷ አስረከቡ። የአዋቂ ወግ እንደሚያዘው፣ አንድ ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ወንዝ አሻግረው ገደሉ ሥር ወሰዷት፤ እጇን መሬት አስነክተው አስማሏት፤ ቅጠሉንም አሳዩአት። "ይህን ከሆድሽ ለወጣ ልጅ እንጂ ለማንም አትንገሪ። ለባልም ቢሆን" አሏት። አትጠገብ ያን ዕለት ከደስታዋ ብዛት እያለቀሰች ነው ወንዙን የተሻገረችው። ለጋብቻ ይጠይቃት የነበረውንም ሰው ከዚያ በኋላ አሰናበተችው። ጥሩ ሰው ነበር። ግን ባል ዓይን አለው፤ ጆሮ አለው፤ የአባቷ መድኃኒት በእሷ በኩል ከቤት ወጣ መባልን አልፈለገችም።

ሳጥኑ "ሕያው" ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። አባቷ የጀመሯቸው በሽተኞች ድነው እየወጡ፣ እሷ የጀመረቻቸው እየበዙ ሲሄዱ፣ ሳጥኑ ከሕያው ሌላ የሚናገረው ጠፋ። የቆሻሻና የንጽሕና ተቆጣጣሪው አንማው በየሳምንቱ መጥቶ ሳጥኑን ያያል፤ ያያትና ራሱን ይነቀንቃል። ክፉ ሰው አይደለም። ቁጣውም የሚመጣው ከኃዘን ነው።

"እትዬ አትጠገብ፣ ይህ እኮ የጋሽ ስንሻው ቤት ነው" አላት አንድ ቀን። "በእርሳቸው ጊዜ ከዚህ ሳጥን ሕያው ወጥቶ ያውቃል? ነገሩ ያለው እጅሽ ላይ ነው። ታጠቢ።"

"እታጠባለሁ።"

"ደግመሽ ታጠቢ። እንዲህ ከቀጠለ ማሸጌ አይቀርም፤ ወድጄ እንዳይመስልሽ።"

ታጠበች። እጇ ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያወጣ ታጠበች። ከዚያም በደማ እጅ በሽተኛ አይነካም ብላ ጓንት ላይ ጓንት ደረበች። ማሰሮውን ለወጠች፤ ሙቀጫውን ለወጠች፤ የጉድጓዱን ውኃ ትታ ከሩቅ ምንጭ አስቀዳች። ጥፋቱን በራሷ ገላ ላይ ስትፈልግ ከረመች። ቅጠሉን ግን አንድ ቀን አልጠረጠረችም። የአባቷን ቃል መጠርጠር ማለት አባቷን መጠርጠር ነው፤ እሱ ደግሞ አልመጣላትም።

ገዳምነሽ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ጣሪያ ለጣሪያ እየዞረች የፀሐይ ሰሌዳ የምትጠርግ ሴት ናት፤ የዛገ ብረት ረግጣ ተረከዟ መርቅዟል። መቁረጫ ቤት አስተኝተዋት ቢላዋ ሲስሉ አምልጣ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው የአትጠገብን በር ያንኳኳችው።

"እኔ መሰላል ላይ ነው እንጀራዬ" አለቻት። "ልጆቼን በምን ላሳድግ? ለምኜ? አንቺ ሴት ነሽ፣ ይገባሻል። እግሬን አትርፊልኝ።"

አትጠገብ ሳጥኑ ምን እያለ እንደከረመ ታውቃለች። አዋቂ ቃል ሲሰጥ እየተጠነቀቀ እንደሆነም ታውቃለች። ግን የሴትዮዋን ዓይን አየችና "እግርሽ አይቆረጥም። የአባቴ መድኃኒት ነው" አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምራ ጠዋት ማታ ታጥብላታለች፣ ትቀባላታለች፣ ትጠቀልልላታለች። ጨርቁ ሳጥን በገባ ቁጥር ግን ያው ሕያው ነው። መርቀዙ ከተረከዝ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። መቁረጫ ቤቱ ደግሞ ከጉልበት በላይ የወጣውን አይቀበልም፤ እንዲህ ያለውን ለቄስ ነው የሚተወው።

በዚሁ ሰሞን አቶ ስንሻውን የአጥሩ ቆርቆሮ ቅልጥማቸውን ቧጠጣቸው። አትጠገብ መድኃኒቱን በሳህን ይዛ ስትሮጥ መጣች።

"ተይው" አሏት። "ለሽማግሌ እግር መድኃኒት አይባክንም። ሰው እየጠበቀሽ ነው፣ ሂጂ።"

ልቧ ተነካ። ይህንኑ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት በሽተኞች ነገረቻቸው፤ እነሱም "እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል!" አሉ። አቶ ስንሻው ግን በራቸውን ዘግተው እግራቸውን ራሳቸው ይጠቀልላሉ፤ የተነሳውንም ጨርቅ ራሳቸው እያነከሱ ሳጥን ይጨምራሉ።

አንማው በሚመጣበት ቀን የሳጥኑን መዝገብ ከፍቶ እንዳየ ጮኸ። "እሰይ! እትዬ አትጠገብ፣ ሙት አለሽ! አንድ ሙት!"

ሮጣ መጣች። መዝገቡ ላይ ከሕያዎቹ መካከል አንዲት ጨርቅ ለብቻዋ ሙት ተብላለች። የባለቤቱን ስም አነበበች። ስንሻው ይላል።

"ታዲያ እርሳቸውን ያዳንሽበትን ለሌላው ለምን ነፈግሽው?" አለ አንማው፣ ደስ ብሎት።

 አትጠገብ ግን፣ "ሳጥኑ ጨርቁ ላይ የነበረውን ቅጠል ለይቶ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችው።

አንማው ሳቀ። "ሳጥን ቅጠል አይጠይቅም። የሳጥኑን ሕግ ያስወጡት እኮ አባትሽ ናቸው። አዋቂውን ሁሉ ሰብስበው ምክር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው፣ 'በሽታውን ይቅመስ፣ ቅጠላችንን ግን አይቅመስብን' አሉ። ያኔ ልጅ ነበርሽ።"

ሰውየው ክርኑን ለሰላምታ ዘርግቶላት ሄደ። እሷ ሳህኗን አንስታ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። አቶ ስንሻው መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ጨርቅዎ ሙት ወጣ።"

"ተመስገን ነው።"

"ምን አድርገውበት ነው?"

"ምን አደርግበታለሁ። የሽማግሌ ደም ለበሽታም አይጥምም።"

"እንግዲያው ዛሬ እኔ ልቀባዎት" ብላ ከፊታቸው ተንበረከከች።

አቶ ስንሻው እግራቸውን ሰበሰቡ። ሳያስቡት ነው የሰበሰቡት፤ እሳት የቀረበው ሰው ነው የሚመስሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ዓይናቸው ሳህኑ ላይ እንጂ ልጃቸው ላይ አልነበረም።

"ይህ ምንድን ነው አባባ?" አለች ሳህኑን ከፍ አድርጋ።

ጋቢያቸውን ወደ እግራቸው ሳቡት።

"ገደሉ ሥር አስምለው ያሳዩኝ ቅጠል ነው። ምንድን ነው እሱ?"

"መሸፈኛ ነው" አሉ በመጨረሻ።

መሸፈኛ ምን እንደሆነ አትጠገብ ታውቃለች፤ ማንኛውም የአዋቂ ልጅ ያውቃል። አዋቂው በሰው ፊት መድኃኒት ሲቀጠቅጥ፣ የማይጠቅም የማይጎዳ ቅጠል በዛ አድርጎ ይጨምራል፤ ዋናውን በቁንጥር ከኪሱ ይጥልበታል። ሊሰርቅ ያፈጠጠ ሰው የበዛውን አይቶ እሱን ይዞ ይሄዳል። ሌባ የሚጠመድበት ቅጠል ነው፤ ዋናው ሳይጨመርበት ክፍት ቁስል ላይ ከዋለ ግን ቁስሉን ያመረቅዛል። አቶ ስንሻው በሌባ ወጥመድ የገዛ ልጃቸውን አጠመዱ።

"አስማሉኝ እኮ" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "መሬት አስነክተው አስማሉኝ። ለምን?"

"ሴት ልጅ የሰው ናት። ዛሬ ባታገቢ ነገ ታገቢያለሽ። መድኃኒቱ ባልሽ ቤት ሊገባ ነው።"

"እሱ እንዳይሆን ብዬ አይደል ሳላገባ የቀረሁት?"

"እኔ አታግቢ አልኩሽ?"

ይህን በቁጣ አልተናገሩትም። የሚያሳምመውም እሱ ነው፤ የእህል ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገሩት። አትጠገብ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች።

"ታዲያ ቤቱን ለምን ሰጡኝ?"

"ፈቃዱ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ወራሽ ይኑር ይላል። ልየው ያለው ድሬዳዋ ነው። ቤቱ እንዳይዘጋ የሚቀመጥበት ሰው ያስፈልግ ነበር።" ልየው ታናሽ ወንድሟ ነው።

"ለልየው ነገሩት?"

"ወንድ ልጄ አይደለም እንዴ።"

"ሰዉስ? እግሩን እያነከሰ የሚመጣው ሰውስ አባባ?"

"የሚድን ይድናል። ድሮስ ሁሉም ይድን ነበር?"

አትጠገብ ልትጮህ ትችል ነበር። ሳህኑን ከግድግዳው ብታጋጨውም ማንም አይፈርድባትም። ግን ገዳምነሽ ውጭ አግዳሚው ላይ ናት፤ ስታቃስት እዚህ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ልመና ጀመረች።

"ስሙን አልፈልግም። የዘላለም ምስጢርዎ ይሁን። እርስዎ ቅጠሉን ያምጡ፣ እርስዎ ይቀጥቅጡ፣ እርስዎ ይቀቡላት። በቃሬዛ ላሸክምዎ። እኔ ከግቢ ወጥቼ ልቀመጥ።"

"የሰጠ እጅ ይደርቃል። ለልየው ካስተላለፍኩ ወዲህ እጄ በሰው ገላ ላይ አይሠራም። ለራሴ የቀባሁትም ከድሮ የተረፈች ቁንጥር ነበረች።" የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱና አሳዩአት። ባዶ ነው። "ልየው በመስከረም ይመጣል።"

ጊዜው ግንቦት ነበር። የገዳምነሽ እግር መስከረምን አያይም።

አትጠገብ እዚያው ክፍል ሆና ልየውን በምስል ስልክ ጠራችው። ምስሉ ግድግዳው ላይ ብቅ ሲል ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ ከኋላው የቀዝቃዛው መጋዘን ጭጋግ ይታያል፤ ሥራው ዓሣና ሥጋ ማስጫን ነው።

"እታለም! ደህና ነሽ? አባባ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ልየው፣ አባባ የነገሩህን ቅጠል እፈልገዋለሁ። የሰው እግር ሊቆረጥ ነው።"

"የቱን ቅጠል?"

"የቁስሉን።"

ልየው ግንባሩን አከከ። "ውይ! ለጥምቀት የመጣሁ ጊዜ የነገሩኝን ነው? አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሆኖ ስሮጥ እኮ ነው የነገሩኝ። አንቺን ይንሳኝ፣ ረስቼዋለሁ። ግን አንቺ አታውቂውም እንዴ? ቤቱ ያንቺ አይደል?"

አቶ ስንሻው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ፊታቸው አመድ መሰለ። አትጠገብ ለአፍታ አዘነችላቸው። ለአፍታም ተስፋ አደረገች፤ አሁንስ ከእኔ በቀር ማን አላቸው፣ አሁን ይነግሩኛል ብላ ጠበቀች። አቶ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አትጠገብ፣ ውጪና በሩን ዝጊው።"

ወጥታ ዘጋችው። ከውስጥ የሽማግሌ ማንሾካሾክ ይሰማል፤ ከዚያ የልየው "እሺ አባባ፣ እሺ፣ እሺ"። በሩ ሳንቃ ነው፤ ጆሮዋን ብታስጠጋ ትሰማው ይሆናል። አላስጠጋችም። ሊሰርቅ የሚያደባ ሰው አድርገው እንደሚያዩዋት ገና ማወቋ ነበር፤ እንደዚያ ሆና ልትገኝላቸው አልፈለገችም። በዚህ ኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ወቅሳለች፤ ትክክል ነበረች ማለት አይቻልም።

ቆየት ብላ ከራሷ ክፍል ሆና ልየውን ደግማ ጠራችው።

"አስምለውኛል እታለም" አለ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "ለማንም እንዳልናገር። በተለይ ላንቺ።"

"ቅድም ረስተኸው ነበር እኮ!"

"አሁንማ አወቅሁት። እኔ ለቅጠሉ ደንታ የለኝም፤ ታውቂኛለሽ። ግን የአባት መሐላ ነው፤ ልጆች አሉኝ።"

ባለጉዳዩ ሁሉ መሐላ አለው። የሚቆረጥ እግር ያላት ግን ገዳምነሽ ብቻ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው እንደወትሮው ሞላ። አትጠገብ እሳት አላነደደችም፣ ጨርቅ አልፈታችም። አግዳሚዎቹ መካከል ቆመች።

"ስሙኝ" አለች። "እስከ ዛሬ የቀባኋችሁ መድኃኒት አይደለም። ሣር ነው። እኔም አላወቅሁም ነበር፤ ትናንት ነው ያወቅሁት። መርቀዙ ሳይወጣባችሁ ወደ መቁረጫ ቤት ሂዱ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ሰዉ ተያየ። ከዚያ መዳፉ የመረቀዘበት አንድ አዛውንት ከት ብሎ ሳቀ።

"አይ የስንሻው ልጅ! አባትሽም ድሮ እንዲሁ ነበር የሚሉን። 'ቅጠሉ ምንድን ነው?' ስንላቸው፣ 'ሣር ነው፣ ምንም አይደል' ይሉናል። አዋቂ መቼ ነው እውነቱን የሚናገረው!"

ሌሎቹም ሳቁ። አትጠገብ ብትምል፣ ብትለምን፣ ይባስ አዋቂ መሰለች። ዘመን ሙሉ መደበቅን የለመደ ሙያ አንድ ቀን እውነት ሲናገር የሚያምነው አጣ። በዚህ መሃል የጓዳው በር ተከፈተና አቶ ስንሻው በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ። ሰዉ ሁሉ ተነሣላቸው።

"በእግዜር፣ ተቀመጡ" አሉ። "ልጄ ደክሟት ነው። ሥራው በዝቶባት ነው፤ አትፍረዱባት።"

አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ የሰማቸው ሁሉ ራሱን ነቀነቀላቸው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይህ ነው። ገዳምነሽ ግን አልተቀመጠችም። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ "ጋሽ ስንሻው" አለች፣ "እኔ እግሬን ይዤ ነው የምጠይቅዎ። ቅጠሉ ያሽራል ወይስ አያሽርም?"

"ያሽራል" አሉ።

"ያሽራል ካሉ እግርዎን ያምጡ" አለች አትጠገብ።

 ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጥቅል ሁሉም ያየዋል። አቶ ስንሻው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አትጠገብ እንደ ሥርዓቱ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ ጥቅሉን ፈትታ ሳጥን ውስጥ ጨመረችው። ቁስሉ ቀላ ብሎ ጥሩ ይዟል፤ ግን ገና አልገጠመም። ትናንት የተቀጠቀጠውን ቅጠል በሳህን አቀረበች። አሁን እግራቸውን ቢሰበስቡ፣ እንደ ትናንቱ ሳያስቡት እንኳ ቢሰበስቡ፣ ያደረጓትን ሁሉ ይቅር ልትላቸው ልቧ ተዘጋጅቶ ነበር።

አቶ ስንሻው እግራቸውን ዘረጉላት።

"ቀቢ ልጄ" አሉ። "እጅሽ ይባረክ።"

ቀባች። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሥጋው እስኪሸፈን ቀባች። ሰዉ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ገዳምነሽ እያለቀሰች ወደ አግዳሚው መጣችና የመረቀዘ እግሯን አነሣች።

"በይ ለእኔም።"

"አልቀባሽም።"

"ምን?"

"አልቀባሽም ገዳምነሽ። ትሞቻለሽ።"

አትጠገብ የመቁረጫ ቤቱን መኪና ጠራች። ገዳምነሽ መጀመሪያ ለመነቻት፤ ከዚያ ተሳደበች፤ መኪናው ደርሶ ሁለቱ ሠራተኞች ሲያነሷት ግን ድምፅዋ መንደሩን አዳረሰው።

"አባትሽ እያሉ! አባትሽ ያሽራል እያሉ! አንቺ ምቀኛ፣ መድኃኒቱን የነፈግሽኝ አንቺ ነሽ! እግሬን የቆረጠው ሐኪም እንዳይመስልሽ፣ አንቺ ነሽ!"

በሽተኞቹ ሁሉ ገዳምነሽን ሊያጽናኑ ተከትለው ወደ መንገዱ ወጡ። አንዳንዱ በአትጠገብ በኩል ሲያልፍ ፊቱን አዞረ፤ አዛውንቱ ደግሞ "ነውር ነው ልጄ" አላት። ለአቶ ስንሻው ግን ሁሉም እጅ ነሥቶ ነው የወጣው። አትጠገብ የገዳምነሽን ድምፅ መስማት አልቻለችምና የግቢውን በር ዘጋችው።

አቶ ስንሻው የሰዉ እርምጃ ከደጃፉ ራቅ እስኪል ጠበቁ። ጎንበስ አሉና በጥፍራቸው ጫፍ ከቅልጥማቸው ላይ ያለውን ቅጠል መላጥ ጀመሩ።

"አትጠገብ" አሉ በለሆሳስ፣ ቀና ሳይሉ። "ውኃ አፍልተሽ አምጪልኝ። ይህ ነገር ሳይደርቅብኝ ልታጠበው።"

አባቷን አየቻቸው። ሊቆጧት ወይም ሊለምኗት እንኳ አልፈለጉም፤ ውኃ ነው የፈለጉት። እሷም አልተቆጣችም። ሁሉን ነገር ያፈላችበት ምድጃ ወዳለበት አልሄደችም፤ ወደ በሩ ሄደችና ሁለቱንም ሳንቃ ወለል አድርጋ ከፈተችው። መኪናው አልተነሣም። ሰዉ ከቦታል፤ ገዳምነሽ የተከፈተው የኋላ በር አፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ኑ ግቡ" አለች አትጠገብ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አባባ መድኃኒቱን ሊያጥቡት ነው። ኑና እዩ።"

አቶ ስንሻው እጃቸውን ከቅልጥማቸው ለማንሣት ጊዜ አላገኙም። ጥፍራቸው አረንጓዴ ነበር። ከሁሉ ቀድማ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች የገባችው ገዳምነሽ ናት።